ብስክሌት በመኪና ሲጫን በጎማው ይቁም

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁ ስለ ከተሞቻችን መንገዶች የሚያወጣቸውን ጽሑፎች በትኩረት የምከታተል አንባቢ ነኝ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ አንዳንድ ጎዳናዎችን ለጥቂት ሰዓታት ከተሽከርካሪ ነፃ የማድረግ ልማድ ከተጀመረ ወዲህ፣ በቅርብ ዓመታትም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ከተሠሩ በኋላ፣ ስለ መስመሮቹ ስፋት፣ ርዝመትና አጠቃቀም ብዙ ተጽፏል። ብስክሌቱ ከቤት ተነሥቶ እስከ መስመሩ፣ ወይም ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ከተማ በምን ዓይነት ሁኔታ ተጭኖ እንደሚሄድ ግን ሲነገር አልሰማሁም። እኔ በሐዋሳ ከሃያ ዓመት በላይ የብረታ ብረት ሙያ ያስተማርኩ፣ በትርፍ ጊዜዬም የሰፈራችንን ታዳጊዎች ብስክሌት የማሠለጥን ሰው በመሆኔ፣ በመኪና ላይ ስለሚገጠም የብስክሌት መጫኛ አሠራር ያየሁትንና የሞከርኩትን በዝርዝር እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ነገሩን እንድመረምር ያስገደደኝ ከሦስት ዓመት በፊት የደረሰብን ጉዳት ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሚደረግ ውድድር ስድስት ታዳጊዎችን ይዤ ስነሣ ስድስቱንም ብስክሌቶች በአንድ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ አስጫንን። ረዳቱ አንዱን ብስክሌት በሌላው ላይ እያጋደመ ደረደራቸውና ከአሮጌ ካላማዳሪ በተቆረጠ ላስቲክ ከብረቱ ጋር ጠፈራቸው። ከሥራቸው ካርቶን እንዲያነጥፍ ብለምነው «አይዞዎት ጋሼ፣ ጥርቅም አድርጌ ነው ያሰርኩት፤ ንቅንቅ አይልም» አለኝ። በቅንነት እንደተናገረ አልጠራጠርም፤ በእጁ የነበረው የፖርቶ መጋላው ብረትና ያ ላስቲክ ብቻ ነበርና ከዚያ የተሻለ ሊያደርግ አይችልም ነበር። ወደ 275 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ጨርሰን መናኸሪያ ስንደርስ እንዳለውም አንድም ብስክሌት አልወደቀም። ሆኖም ከስድስቱ ሦስቱ ለውድድር የማይበቁ ሆነው ወረዱ።

የመጀመሪያው ብስክሌት በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ስለነበር የሌሎቹ ክብደት ያረፈው የኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ነው። መቀየሪያው የተንጠለጠለባት ትንሽ የአሉሚኒየም ጆሮ ወደ ውስጥ በመታጠፏ ካቴናው ትልቁ ጥርስ ላይ ሲወጣ መቀየሪያው ከቸርኬው ሽቦዎች ጋር ይጋጭ ነበር። የሁለተኛው የላይኛው ቱቦ ቀኑን ሙሉ ከፖርቶ መጋላው ዘንግ ጋር ሲፋተግ ውሎ ቀለሙ ተልጦ፣ አሉሚኒየሙም ጥፍር የሚያስቆም ጭረት አውጥቶ ነበር፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ጭረት ነውና ያን ብስክሌት ዳግመኛ ለውድድር አላወጣሁትም። የሦስተኛው የፊት ቸርኬ ከላይ በተጋደመው ብስክሌት ፔዳል ተገፍቶ በመጣመሙ ጎማው በዞረ ቁጥር ከፍሬኑ ጋር ይታከክ ነበር። የዚህ ብስክሌት ባለቤት የ15 ዓመት ልጅ ናት። በዋዜማው ማታ ካቴናውን በነጭ ጋዝ አጥባ፣ ጎማውን ነፍታ፣ ኮርቻውን በቁመቷ ልክ አስተካክላ ነበር የተነሣችው፤ በማግስቱ ጓደኞቿ ሲወዳደሩ መንገድ ዳር ቆማ ውኃ ስታቀብል ዋለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩን ችላ ልለው አልቻልኩም።

ሦስቱ ጉዳቶች ምክንያታቸው አንድ ነው። ብስክሌት የተሠራው ቆሞ እንዲሸከም ነው። ሰባና ሰማንያ ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦበት ጉድጓድ ሲገባና ሲወጣ የማይበገረው ፍሬም፣ የቱቦዎቹ ውፍረት በአብዛኛው ከ2 ሚሊ ሜትር በታች በመሆኑ፣ በአንድ ነጥብ ላይ ከጎን የሚያርፍን ጫና አይችልም። ቸርኬውም እንዲሁ ነው፤ ከላይ ወደ ታች የሚመጣውን ክብደት ሽቦዎቹ ተጋግዘው ይሸከሙታል፣ ከጎን ግን አንድ ጎልማሳ በጉልበቱ ተጭኖ ሊያጣምመው ይችላል። በዚህ ላይ ጎማው በአየር የተሞላ ስለሆነ የመንገዱን ንዝረት ገና ወደ ፍሬሙ ሳይደርስ ይውጠዋል። እንግዲህ አንድ መጫኛ ሲነደፍ መነሻው ይህ ሊሆን ይገባል፦ ብስክሌቱ በሁለቱ ጎማዎቹ ላይ ይቁም፣ ክብደቱንም ጎማዎቹ ይሸከሙ፣ መጫኛው ደግሞ ወደ ጎን እንዳይወድቅና ወደ ላይ እንዳይዘል ብቻ አጥብቆ ይያዘው። ሀገራችን በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የሜልቦርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን ተከታትለነዋል። ያን ውድድር የተመለከተ ሰው ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ በሚከተሉት የቡድን መኪኖች ጣሪያ ላይ ትርፍ ብስክሌቶቹ በሙሉ ቀጥ ብለው ቆመው እንደሚጓዙ ያስታውሳል፤ አንድም የተጋደመ የለም።

መጫኛው የሚገጠምበትን ቦታ በተመለከተ ሦስት አማራጮችን ከተማሪዎቼ ጋር መርምረናል። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚገጠመው ታርጋንም የኋላ መብራትንም አይሸፍንም፤ የኋላ በርም እንደ ልብ ይከፈታል። ችግሩ ከፍታው ነው። አንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ባለው አነስተኛ መኪና ላይ አንድ ሜትር የሚያህል ብስክሌት ሲቆም ጠቅላላ ከፍታው ከ2.5 ሜትር ያልፋል፤ ይህንም የረሳ አሽከርካሪ በሕንፃ ምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ወይም በግቢ በር ሲገባ ብስክሌቱንም ጣሪያውንም በአንድ ጊዜ ያጣል። ነፋሱም ቀላል አይደለም፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ስለሚሆን በከተማ ውስጥ በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ምንም ያልመሰለው ብስክሌት በፍጥነት መንገድ ላይ በ100 ሲነዳ ማሠሪያውን ክፉኛ ይፈትነዋል። ከሁሉ በላይ ግን 18 ኪሎ የሚመዝን ብስክሌት ከትከሻ በላይ አንሥቶ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ ለብዙ እናቶችና ለታዳጊዎች የማይቻል ነው፤ እኔም ዕድሜዬ እየገፋ ሲሄድ የሚሆንልኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው፣ በኋላ በር ላይ በቀበቶና በቆልማማ ብረት የሚንጠለጠለው ነው። ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። ብስክሌቱን የሚይዘው በላይኛው ቱቦ ስለሆነ ከላይ የጠቀስኩትን መነሻ ይጥሳል፣ የላይኛው ቱቦ ዘቅዛቃ የሆነባቸውን የሴቶችና የልጆች ብስክሌቶችም በአግባቡ አይዝም። በጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ አቧራው በመጫኛው ስፖንጅና በመኪናው ቀለም መካከል ገብቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ቀለሙን ይፍቀዋል። ቀበቶዎቹ በመንገድ ላይ ስለሚረዝሙ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ማጥበቅ ይጠይቃል፤ ቆልማማው ብረት መስታወት ወይም ፕላስቲክ ላይ ካረፈ ደግሞ ይሰብራል።

ሦስተኛው ከመኪናው ኋላ፣ ተጎታች በሚያያዝበት ጋንቾ ላይ የሚገጠመው ነው። ብዙዎቹ ፒክአፖችና ላንድክሩዘሮች ጋንቾ አላቸው፤ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ኳስ ስፋትም በአብዛኛው 50 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንድ ዓይነት መያዣ ለብዙ መኪኖች ይሆናል። ብስክሌቱ ከጉልበት ከፍታ በላይ ሳይነሣ ይጫናል፣ ከመኪናው አካል ጀርባ ስለሚቆምም ነፋሱ ይቀንስለታል። እኛም የመረጥነው ይህንኑ ነው። እንደ ቪትዝ ያሉ አነስተኛ መኪኖች ጋንቾ ስለሌላቸው ማስገጠም ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ ግን ብረቱ ከመኪናው ዋና የአካል ተሸካሚ ጋር በብሎን መታሰር አለበት። ፓራውልት ላይ የተበየደ ጋንቾ አይቻለሁ፤ ፓራውልት ክብደት እንዲሸከም የተሠራ ስላልሆነ እንዲህ ያለውን ሥራ አንድም በያጅ እሺ ብሎ እንዳይቀበል አጥብቄ እለምናለሁ።

አሁን ወደ ብረቱ ምርጫ ልግባ፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ስለሆነ አንባቢ ቁጥሮቹን ታግሦ እንዲከታተለኝ እጠይቃለሁ። ሐዋሳ ላይ በብዛት የሚነዳው፣ ፓራፋንጎና የኋላ ዕቃ መጫኛ ያለው የብረት ብስክሌት 18 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሁለት ብስክሌቶች 36 ኪሎ፣ መጫኛው ራሱ ደግሞ 16 ኪሎ ቢሆኑ ድምሩ 52 ኪሎ ነው። የዚህ ክብደት መሐል ከጋንቾው 55 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ፣ ዋናውን ዘንግ መነሻው ላይ ለማጠፍ የሚሠራው ኃይል፣ መኪናው ቆሞ ሳለ፣ 280 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ሲዘል ግን ያው ክብደት ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ሆኖ ይወርዳል፤ ለእኛ መንገድ ቢያንስ በ3 ማባዛት ይገባል ብዬ ስለማምን የማሰላው በ840 ኒውተን ሜትር ነው።

የብረት ቤቶቻችን እንዲህ ላለው ሥራ አውጥተው የሚሰጡት ቱቦላሬ 40 በ40 ሆኖ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነውን ነው፤ ለመስኮትና ለበር ፍሬም የለመዱት እሱን ስለሆነ። ይህ ቱቦላሬ በተጠቀሰው ኃይል ሲታጠፍ እያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር ብረት 229 ኒውተን ያህል ይጫነዋል። ተራ ብረት ደግሞ 235 ኒውተን ሲደርስበት ወደ ቦታው ሳይመለስ ጎብጦ ይቀራል። ስለዚህ ይህ ዘንግ ገና ሲሠራ የመጨረሻ ጠርዙ ላይ የቆመ ነው፤ ሦስተኛ ብስክሌት ቢጨመርበት ወይም ብየዳው ትንሽ ቢደክም ይሄዳል። 50 በ50 ሆኖ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ግን በዚያው ኃይል 101 ኒውተን ብቻ ነው የሚጫነው፤ ማለትም ከአቅሙ ከግማሽ በታች። የክብደት ልዩነታቸው ለአንድ ሜትር 2 ኪሎ ያህል ነው፤ ዋናው ዘንግ ደግሞ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ለ2 ኪሎ ብረት ሲባል ሁለት ብስክሌት፣ ከኋላ የሚመጣውንም ባለ ሞተር ሳይክል ሕይወት አደጋ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም።

ይህን በሰሌዳ ላይ ካሰላን በኋላ ተማሪዎቼ በዓይናቸው እንዲያዩት ሁለቱንም ሠራናቸው። በብስክሌቶቹ ፋንታ ሚዛን ላይ የለካነውን አሸዋ በጆንያ አድርገን አሰርንና፣ የጋንቾ ባለቤት የሆነ አንድ ወዳጃችን በሰጠን ፒክአፕ ከከተማ ወጥተን 40 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር መንገድ ነዳን። ከመነሣታችን በፊት በየብሎኑና በየዳዶው ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ቀጭን መስመር አስምረን ነበር፤ ዳዶው ከላላ መስመሩ ይሰበራል። ተመልሰን ስንለካ የ40 በ40ው ዘንግ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ጎብጦ ቀርቷል። የ50 በ50ው እንደነበረ ነው። ነገር ግን በሁለቱም ላይ ከስምንቱ ዳዶዎች ሦስቱ መስመራቸው ተሰብሮ ተገኘ፤ ወደዚያ መንገድ እንድንወጣ ካደረጉኝ ምክንያቶች ይልቅ ይህ ነገር የበለጠ አስደነገጠኝ። እንደ ሸንተረር የተደረደረው የጠጠር መንገድ ንዝረት ተራ ዳዶን በእጅ እንደሚፈታ ሰው ይፈታዋል። ከዚያ ወዲህ ውስጡ ናይለን ያለውን ዳዶ ብቻ ነው የምንጠቀመው፣ ከተጓዝንም በኋላ መስመሮቹን ሳናይ ወደ ቤት አንሄድም።

የብየዳው ነገር ከዚህ አይተናነስም። ዘንጉ ወደ ላይ ከሚቆመው ብረት ጋር የሚጋጠምበት ማዕዘን በእያንዳንዱ ጉድጓድ ትንሽ ይከፈታል፣ ትንሽ ይዘጋል፤ ከዓመት በኋላ ስንጥቅ የሚታየው ብየዳው ካለቀበት ጠርዝ ላይ ነው። ለዚህ መፍትሔው ብየዳውን ማወፈር ሳይሆን በማዕዘኑ ላይ ባለ ሦስት ጎን ላሜራ ጨምሮ ጭነቱን ማከፋፈል ነው። የቱቦላሬው ጫፎች መደፈን አለባቸው፤ ውኃ ገብቶ ከውስጥ የሚበላው ዝገት ቀለም ከላይ እስኪያብጥ ድረስ አይታይምና። ጋንቾው ላይ የሚቀመጠው መያዣ ደግሞ ኳሱን ጨምቆ ካልያዘ መጫኛው ሁሉ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ኳሱ ክብ በመሆኑ መሽከርከርን አይከለክልምና ከአንገቱ ላይ የሚነክስ ሁለተኛ መያዣ ጨምረናል። እኛ ልብ ያላልነውና በጉዞ ያወቅነው ሌላም ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ብስክሌት የኋላ ጎማ ከማርሚታው ጫፍ አንድ ስንዝር ላይ ሆኖ ስለነበር ከሰዓት ጉዞ በኋላ ጎማው በአንድ በኩል ልሞ አገኘነው። አሁን ጎማው ከጭስ መውጫው ቢያንስ ሁለት ክንድ እንዲርቅ ወይም በመካከሉ ላሜራ እንዲጋረድ እናደርጋለን።

ጎማዎቹ የሚቆሙባቸው ቦዮች ከላሜራ የታጠፉ፣ ወርዳቸው 7 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናቸው፤ ከቀጭኑ የውድድር ጎማ እስከ ወፍራሙ የተራራ ብስክሌት ጎማ ድረስ ይይዛሉ። በሁለቱ ብስክሌቶች መካከል ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተን አንዱን ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ስናዞራቸው የአንዱ መሪ ከሌላው ኮርቻ ጋር አይጋጭም። ከውጭ የሚመጡት ጥሩ መጫኛዎች ብስክሌቱን የሚይዙት የፊት ጎማውን ከላይ በሚጫን ክንድ ነው፤ ክንዱ ጎማ እንጂ ፍሬም ስለማይነካ አሠራሩ እጅግ የሚመሰገን ነው። ለእኛ ብስክሌቶች ግን አይሆንም፤ ክንዱ የሚያርፈው ፓራፋንጎው ላይ ስለሆነ ገና ሲጠብቅ ያጎብጠዋል። አንድ ሰው በብዙ ብር ከውጭ ያስመጣውን መጫኛ ይዞ መጥቶ የእናቱን ብስክሌት ሊጭንበት ባለመቻሉ ሲያዝን ካየሁ በኋላ እኛ ሁለቱንም ጎማ ከቸርኬው ጋር በቦዩ ላይ በሰፊ ቀበቶ አስረን፣ ሦስተኛውን መያዣ ኮርቻውን ከሚሸከመው ቱቦ ዝቅተኛ ክፍል፣ ፔዳሉ አጠገብ አደረግነው። ቱቦው እዚያ ላይ ጠንካራ ነው፤ መያዣውም የካላማዳሪ ጎማ የለበሰና ወርዱ አራት ጣት የሆነ ስለሆነ ጫናው በአንድ ነጥብ አያርፍም። የካርበን ፍሬም ያላቸው ብስክሌቶች በዚህ መያዣ ፈጽሞ መጨመቅ የለባቸውም፤ እነሱን በጎማቸው ብቻ ማሰር ይገባል።

መኪና ለሌላቸው ወገኖቼም መናገር አለብኝ፤ ታዳጊዎቼ በሙሉ የሚጓዙት በሕዝብ ማመላለሻ ነውና። የሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ራሱ ጠንካራ ነው፤ የሚያስፈልገው በላዩ ላይ የሚታሰሩ ሁለት ቦዮችና አንድ የቆመ ድጋፍ ብቻ ነው። ሁለት ሜትር የሚረዝም ቦይ፣ አንድ ሜትር የማይሞላ ድጋፍና አራት ሰፋፊ ቀበቶዎች ለአንድ ብስክሌት ይበቃሉ፤ ሥራው ለአንድ በያጅ የግማሽ ቀን ነው። ረዳቱ ከጭነት ሁሉ በፊት ብስክሌቱን በቦዩ ላይ አቁሞ ቢያስር ሌላውን ዕቃ በቀረው ቦታ መደርደር ይችላል። ባለንብረቶች ለብስክሌት የተለየ ዋጋ ሲያስከፍሉ እየተመለከትኩ ስለሆነ፣ በዚያው ዋጋ ብስክሌቱ ቆሞ እንዲጓዝ መጠየቅ ተገቢ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው የሚኖሩ ወገኖቻችን በየቀኑ የሚያዩት የከተማ አውቶቡስ ከፊቱ ሁለት ብስክሌት የሚይዝ ታጣፊ መጫኛ አለው። ተሳፋሪው ራሱ ዘርግቶ ብስክሌቱን በጎማዎቹ ያቆማል፣ አንድ ክንድ በፊት ጎማው ላይ አሳርፎ ይሳፈራል፤ ሾፌሩ ከመቀመጫው አይነሣም። ይህ ዓይነቱ መጫኛ በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሲያትል ከተማ አውቶቡሶች ላይ ከተሠራ በኋላ ነው በአሜሪካ የተስፋፋው። በአዲስ አበባ ጠባብ ማዞሪያዎችና የጧት ግፊያ ውስጥ ከአውቶቡስ ፊት አንድ ሜትር መጨመር ዛሬውኑ ይቻላል አልልም። ከ3,000 ሜትር በላይ ወደሚገኘው እንጦጦ በሚወጡት መስመሮች ላይ ግን፣ ዳገቱን በብስክሌት መውጣት ለማይችሉት ሰዎች ሲባል፣ ቢሞከር መልካም ነው።

አሁን ወደ መጨረሻው ጉዳይ ልምጣ፤ እዚህ ላይ በእኛ በባለሙያዎች እጅ ያልሆነ ነገር አለ። ከኋላ የሚገጠም መጫኛ ብስክሌቶች ሲቆሙበት ታርጋንና የኋላ መብራቶችን ይሸፍናል። እኔ ራሴ ከሁለት ብስክሌት ጋር ስጓዝ አንድ የትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ «ጋሼ፣ ታርጋዎ አይታይም፤ ፍሬን ሲይዙም መብራቱ አይታይም» አለኝ። ትክክል ነበር። ቅጣቱንም ከፍዬ፣ ይህን ለማስተካከል መጫኛው ላይ ሁለተኛ ታርጋና መብራት ለማሰር ፈቃድ እንዲሰጠኝ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ በትሕትና አስተናግዳኝ፣ ተጨማሪ ታርጋ የሚሰጥበት አሠራር እንደሌለ ነገረችኝ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ መልሱ ያው ሆነ።

በአውሮፓ እንዲህ ያለው መጫኛ የራሱ የመብራት ሰሌዳ አለው። ሰሌዳው ላይ ስቶፕ፣ ፍሬቻና የታርጋ መብራት ተደርድረው፣ መጫኛው ከመኪናው ጋር በ7 ወይም በ13 እግር ሶኬት ይያያዛል፤ ተደጋጋሚው ታርጋም እዚያው ይለጠፋል። የመብራት ሰሌዳውን እኛም ሠርተነዋል፤ ተጎታች ላላቸው መኪኖች የሚሸጠውን ሶኬት ከሶማሌ ተራ ገዝተን፣ የሞተር ሳይክል የኋላ መብራት አምፖሎች አስገብተን በ12 ቮልት አብርተነዋል። የጎደለው ታርጋው ብቻ ነው። የስፋቱም ጉዳይ ግልጽ ሊደረግ ይገባል። ቪትዝ ወርዱ 1.7 ሜትር ያህል ነው፤ ጎልማሳ የሚነዳው ብስክሌት ደግሞ ከጎማ ጫፍ እስከ ጎማ ጫፍ 1.7 ወይም 1.8 ሜትር ይረዝማል፤ ስለዚህ በአግባቡ የተጫነ ብስክሌት እንኳ ከመኪናው ጎን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ምን ያህል ሳንቲ ሜትር እንደሚፈቀድ፣ በሌሊትስ ጫፉ ላይ ምን ዓይነት አንጸባራቂ መለጠፍ እንዳለበት የሚገልጽ አንድ ገጽ መመሪያ ቢወጣ አሽከርካሪውም ፖሊሱም ከመከራከር ይድናሉ።

ስለዚህ ለሚመለከታቸው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ በመጫኛ ላይ ለሚለጠፍ ተደጋጋሚ ታርጋ ማመልከቻ የሚቀበል አሠራር እንዲከፈት፣ መብራቱም በዓመታዊው የተሽከርካሪ ምርመራ ጊዜ አብሮ እንዲታይ ነው። ሁለተኛው፣ ከላይ የጠቀስኩት የቱቦላሬ ልክ፣ የዳዶ ዓይነትና የሦስት መያዣ አሠራር በባለሙያዎች ተመርምሮ፣ የሚሻሻለው ተሻሽሎ፣ ለቴክኒክና ሙያ ተቋማት እንደ ሥራ ንድፍ እንዲሰጥ ነው። የእኛን ንድፍ በሚሊ ሜትር ልኬት ተማሪዎቼ በአራት ገጽ አዘጋጅተውታል፤ ጋዜጣው ቢፈቅድልን ለአንባቢዎች እንዲደርስ ያለ ምንም ክፍያ እንልካለን። በመጪው ክረምት ውድድር ስምንት ታዳጊዎችን ይዤ ስለምነሣ፣ ሚኒባሱ ላይ የሚገጠሙትን ቦዮች ከወዲሁ ብየዳ ላይ ነን። የዚያች ልጅ ብስክሌት የሚቆምበትን ቦይ እሷ ራሷ ለክታ ቆርጣዋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የብረታ ብረት ሙያ መምህር፣ ከሐዋሳ